የአሮጌዋ መኪናችን ቴፕ
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መኪናችን ቴፕ ነው። የሚያስቅ ርእስ ይመስላል። ነገር ግን የቡና ለቀማ ሲደርስ ብዙዎቻችን ለስብሰባ መቱ ድረስ መምጣት አንችልም። መኪናዋ ግን ቡናና ማር ልትጭን ወደየመንደሩ ትወርዳለች። ስለዚህ የወሩን ሒሳብ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በስልክ ቀድተን በእርሷ እንልካለን። ማንበብ የማትችል እናት ስለ ማኅበሯ ገንዘብ ከራሱ ከመዝገቡ የምትሰማው በዚህ ነው። ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ መቶው ብር ሁለት መቶ ይሆናል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ችግሩ የመኪናዋ ቴፕ ካሴትና ሬዲዮ ብቻ ነው የሚያጫውተው። ፍላሽ የሚሰካበት የለውም፤ ብሉቱዝም አያውቅም። «ነቅላችሁ አዲስ ግዙ» ተብለናል። ያ ገንዘብ ለአንዲት እህት የዶሮ መግዣ ብድር ስለሚሆን አልገዛንም።

ያገኘነው መላ ሁለት ነው። አንደኛው የካሴት ቅርጽ ያለው፣ ሽቦ የወጣለት ዕቃ ነው። ካሴቱ ቦታ ይገባል፣ ሽቦው ስልኩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ላይ ይሰካል። በውስጡ ያለችው ትንሽ ማግኔት ድምፁን ለቴፑ ራስ ታቀብላለች፤ ቴፑ እውነተኛ ካሴት የጎረሰ ይመስለዋል። ድምፁ ከታፈነ የቴፑን ራስ አልኮል በነካ ጥጥ መጥረግ ነው። ብዙ አዳዲስ ስልኮች ግን ያ ቀዳዳ የላቸውም።

ሁለተኛው ሞዱሌተር ነው። ሲጋራ መለኮሻው ላይ ይሰካል፣ ፍላሹን ወይም ስልኩን ይቀበላል፣ ከዚያ እንደ ትንሽ የኤፍ ኤም ጣቢያ ለራሳችን ሬዲዮ ያሰራጫል። ቁጥሩን ጣቢያ በሌለበት ማስተካከል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ጣቢያው ስለሚበዛ ያስቸግራል፤ በእኛ መንገድ ባዶ ቦታ ሞልቷል። አንድ ነገር አደራ፦ የቤት መኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ ብዙ የጭነት መኪኖች 24 ናቸው። የተከራየነው መኪና ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ዕቃው ላይ የተጻፈውን አስነብቡ። ሞተር አጥፍቶ ለረጅም ሰዓት ማጫወትም ባትሪ ይገድላል።

ከሒሳቡ በኋላ ሾፌሩ የአሊ ቢራን ዘፈን ቢያስከትል ቅር አንሰኝም፤ እንዲያውም ለእርሱ ሲሉ የሚሰበሰቡ አሉ።

የእያንዳንዷ ቁጠባና ዕዳ ግን በድምፅ ማጉያ አይነበብም። የሚነበበው የማኅበሩ ጠቅላላ ገቢ፣ ወጪና ብድር ነው። የግሉን ባለቤቷ ለብቻዋ ጸሐፊዋን ትጠይቃለች። ባሎች፣ ጎረቤቶችም መኪናዋ አጠገብ ይቆማሉና።

የኅዳሩን ሒሳብ የምታነቡ ሁለት ሰዎች እንፈልጋለን፤ አንዷ በአፋን ኦሮሞ፣ አንዷ በአማርኛ። ከመሄዳችሁ በፊት ተመዝገቡ።