መድኃኒቱን የሚሠራው ማን ነው?



ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ የሚገባ ሰው ደጋውን ትቶ ቆላ ይደርሳል። በዚህ አገር መድኃኒት ዐዋቂ ቅጠል የሚቀጥፈው ካገኘበት ሁሉ አይደለም፤ ቦታ ይመርጣል፣ ወቅት ይጠብቃል። ብዙ የተማረ ሰው ይህን ልማድ ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ሊመረመር የሚገባው ነገር ይመስለኛል።

ጤነኛ በሆነ ቅጠል፣ ግንድና ሥር ውስጥ ተክሉን ሳያሳምሙ የሚኖሩ ፈንገሶች አሉ። ከባክቴሪያና ከሌላ ፈንገስ ጋር ለምግብና ለቦታ ስለሚሻሙ ተቀናቃኝን የሚገታ ኬሚካል ያመነጫሉ። ዓይነታቸው እንደ አገሩና እንደ ወቅቱ ይለያያል። እንግዲህ የምናመሰግነው ዕፁን ነው ወይስ ነዋሪውን?

ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ተክል ላይ የተሠራው ምርምር ጥያቄውን ያጎላዋል። ተመራማሪው ኩፕቻንና ባልደረቦቹ በ1972 እ.ኤ.አ. ሜይታንሲን የተባለውን ኬሚካል ከዚህ ተክል አገኙ። በ1977 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች የኬሚካሉን የቅርብ ዘመድ የሚሠራ ባክቴሪያ ይፋ አደረጉ። ከዚሁ ኬሚካል ወገን የተሠራ የጡት ካንሰር መድኃኒት በ2013 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ይህ የባክቴሪያና የካንሰር ታሪክ ነው፤ የፈንገሱን በር የከፈተው በ1993 ታክሶል የተባለውን የካንሰር መድኃኒት የሚሠራ ፈንገስ በዛፍ ቅርፊት ውስጥ ተገኘ መባሉ ነው።

እንዲህ ያለ ፈንገስ በእኛ ቅጠል ውስጥ የመፈለጉ አሠራር ውስብስብ አይደለም። ቅጠሉ በአልኮልና በበረኪና ላዩ ይጸዳል፤ ተቆራርጦ ከድንች በተሠራ የፈንገስ ማራቢያ ምግብ ላይ ይቀመጣል። ከውስጡ የወጣው ፈንገስ ለብቻው ይራባል፤ ጭማቂው ቁስል የሚያመግል ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ጠብ ይደረጋል። ባክቴሪያው ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ከታየ ተስፋ አለ። ተስፋ ብቻ ነው፤ በረኪናም ሳህን ላይ ባክቴሪያ ይገድላል፣ ማንም ግን አይጠጣውም። አንዳንድ ፈንገስም በላቦራቶሪ ደጋግሞ ሲራባ ኬሚካሉን መሥራት ያቆማል።

ቢሳካ ግን ጥቅሙ ለተክሉም ነው። ቀበርቾ የሚነቀለው ለሥሩ ነው፤ ፈንገስ በጠርሙስ ይራባል እንጂ አይነቀልም። ለሰውም ቢሆን፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተለማመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ሞተዋል፤ ስለዚህ አዲስ መድኃኒት መፈለግ የቅንጦት ሥራ አይደለም።

መድኃኒት ዐዋቂ አባቶች፣ ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን የት ቦታና በየትኛው ወር እንደሚቀጠፍ ንገሩን። መምህራን፣ መዝግቡት። ከዚህ ዕውቀት የሚገኘውን ጥቅም ማኅበረሰቡ እንዲካፈል አዋጅ ቁጥር 482/1998 መብት ሰጥቶታል፤ ሳትስማሙበት ለማንም አትስጡ።