ስለ መቶ አለቃ ኡሁራ ወንበርና ስለ ዶርዜው ሸማኔ

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት፣ ዶርዜ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የመረጥሁት ርእስ ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረ አንድ የጠፈር ልብ ወለድ ውስጥ ከዋናዎቹ ሰዎች ኋላ ተቀምጣ የምትታይ አንዲት ሴት አለች። የምናገረው ስለ እርሷ ተመልካቾች ለብዙ ዓመታት ስላደረጉት ክርክር ነው። ከአርባ ምንጭ ተነሥተን ዳገቱን ወጥተን እዚህ ዶርዜ ላይ ለተሰበሰብን ለእኛ ይህ ምን ይረባናል የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ክርክሩን እስከ መጨረሻው ብንከተለው እዚሁ ደጃችን ድረስ የሚያመጣን ስለ ሆነ ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። የውጭውን ታሪክ በውጭው አቈጣጠር፣ የአገራችንን በአገራችን አቈጣጠር እጠቅሳለሁ።

ስታር ትሬክ የተባለው ተከታታይ ፊልም የጂን ሮደንቤሪ ፈጠራ ሲሆን ከ1966 እስከ 1969 በሦስት ዙር 79 ክፍል ታይቷል። መታየት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሥራውን የከፈተው የእኛው ቴሌቪዥን ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ23ኛው ምእተ ዓመት፣ ኢንተርፕራይዝ በተባለች የጠፈር መርከብ ላይ ነው። አዛዡ ካፒቴን ከርክ፣ ምክትሉ ስፖክ፣ ሐኪሙ ማኮይ ናቸው፤ የታሪኩም ክብደት ሁሉ በእነዚህ በሦስቱ ላይ ይወድቃል። ከእነርሱ ኋላ መስሚያውን ከጆሮዋ አድርጋ የመገናኛውን መሣሪያ የምትጠብቀው ጥቁር ሴት መቶ አለቃ ኡሁራ ትባላለች። ተዋናይቷ በ1932 ተወልዳ በ2022 ያረፈችው ኒሼል ኒኮልስ ነበረች። የገጸ ባሕርይዋ ስም የተወሰደው ነጻነት ማለት ከሆነው ኡሁሩ ከሚለው የስዋሂሊ ቃል ነው። ኬንያ ነጻ ከወጣች ገና ሦስተኛው ዓመት ስለ ነበረ ስሙ ለሰሚው እንግዳ አልነበረም።

እንግዲህ የተመልካቹ አሳብ በሁለት ተከፈለ።

የመጀመሪያው ወገን እንዲህ ይላል፦ ይህች ሴት በጠፈር ላይ የተቀመጠች ስልክ አቀባይ ናት። ሥራዋ መስመሩ ተከፍቷል፣ ጥሪ መጥቷል ብሎ ለአዛዡ መንገር ብቻ ነው። ሦስቱ ዙር እስኪያልቅ ድረስ የራሷ መጠሪያ ስም እንኳ አልተሰጣትም፤ ኒዮታ የሚለው ስም በፊልም ላይ የተሰማው በ2009 ነው። ብዙ የተወራለት የኅዳር 1968ቱ ከከርክ ጋር መሳሳሟም በፈቃዷ የሆነ ሳይሆን በታሪኩ ውስጥ ያሉ ባዕዳን ፍጡራን በአሳብ ኃይል አስገድደዋቸው ነው። በ1991 በወጣው ፊልም ደግሞ የክሊንጎኖችን ቋንቋ ባለማወቋ ጓደኞቿ ከብበዋት የወረቀት መዝገበ ቃላት ስታገላብጥ ትታያለች። ዕድሜዋን በመገናኛ ሥራ ላይ ያሳለፈች መኰንን የዋናውን ባላንጣ ቋንቋ አታውቅም ማለት ዕውቀቷን ለሣቅ መሸጥ ነው ይላሉ።

ሁለተኛው ወገን ግን ወንበሩን ተመልከቱ ይላል። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ጥቁር ሴት አብዛኛውን ጊዜ የምትታየው በገረድነት ነበር። ኡሁራ ግን የማዕረግ ልብስ ለብሳ ከመኰንኖች እኩል ተቀመጠች። ኒኮልስ ደጋግማ እንደ ተናገረችው፣ በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ወደ ቲያትር ቤት ለመመለስ ቈርጣ ሳለ ማርቲን ሉተር ኪንግን አገኘችው፤ እርሱም እንዳትለቅ አጥብቆ ለመናት። ውፒ ጎልድበርግ በልጅነቷ ኡሁራን አይታ ገረድ ያልሆነች ጥቁር ሴት በቴሌቪዥን ላይ አለች ብላ ለቤተ ሰቦቿ እየጮኸች መናገሯን አውርታለች። ኒኮልስ በ1977 ለአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ለናሳ እየዞረች ሴቶችና ጥቁሮች ለጠፈረኛነት እንዲያመለክቱ ቀሰቀሰች። በ1978 ከተመረጡት 35 ሰዎች መካከል 6 ሴቶችና 3 ጥቁሮች ነበሩ። በ1992 ወደ ጠፈር የወጣችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሜይ ጄሚሰንም ተረኛ በሆነች ቍጥር ሥራዋን የምትጀምረው የኡሁራን የዘወትር ቃል እየተናገረች ነበር።

በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች እውነት ይናገራሉ እላለሁ። የማይስማሙት የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ስለ ሆነ ነው። አንደኛው ደራሲዎቹ ምን ሰጧት ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ተመልካቾች ከእርሷ ምን አገኙ ብሎ ይቈጥራል። ስሕተቱ የሚመጣው ሁለተኛውን ለመጀመሪያው መልስ አድርገን ስናቀርብ ነው። ጄሚሰን ጠፈር የደረሰችው ሐኪምና መሐንዲስ ለመሆን በደከመችው ድካም ነው፤ ናሳን የቀሰቀሰው የኒኮልስ እግርና አንደበት ነው። ጥሙ የተመልካቹ ነበረ፤ ስለዚህ ከጠብታ ባሕር አወጣ። የተመልካቹ ትርፍ ግን የደራሲውን ዕዳ አይከፍልም።

ዕዳው ምን እንደ ሆነ አንድ ምሳሌ ያሳየናል። በ1967 በታየ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ መሣሪያ የኡሁራን ትዝታ ጠርጎ ይወስደዋል፤ እንደ ሕፃንም ፊደል ቈጥራ እንግሊዝኛ ማንበብ ትማራለች። ሲያቅታትና ስትናደድ ከአፏ የሚወጣው ስዋሂሊ ነው። እነሆ ከባድ ነገር ደራሲው እጅ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሁሉ ሲጠፋ የቀረው የእናት ቋንቋዋ ነው። ነገር ግን ከቁም ነገር ሳይቈጠር ታለፈ፤ በሚቀጥለው ክፍል ምንም እንዳልሆነች ወደ ወንበሯ ተመለሰች። በ2022 በተጀመረው ስትሬንጅ ኒው ወርልድስ በተባለው አዲስ ተከታታይ ላይ ግን ሴሊያ ሮዝ ጉዲንግ የምትጫወታት ወጣቷ ኡሁራ 37 ቋንቋ ታውቃለች። በሁለተኛው ክፍል ጓደኞቿ አንድ ጅራታም ኮከብ ላይ ተይዘው ሳለ ያ ነገር ለዜማ እንደሚመልስ የተረዳችው እርሷ ናት፤ የአገሯንም የሕዝብ ዜማ እያንጐራጐረች መከላከያውን አስወረደችው። ሥራዋ ያው የመገናኛ ሥራ ነው። የተለወጠው ሥራዋ የታሪኩ ቍልፍ መሆኑ ነው።

ከዚህ ሁለት መመዘኛ እናገኛለን። አንደኛ፣ ይህን ሰው ከታሪኩ ብናወጣው ምን ይጐድላል? ሁለተኛ፣ እርሱ የሚያውቀው፣ ሌሎቹ ግን የማያውቁት ነገር ምንድን ነው?

አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ። በአማርኛ ቀልዶችና ድራማዎች ውስጥ ብቅ እያለ የሚመጣ አንድ ሰው አለ፤ ዶርዜው ይባላል። ብዙ ጊዜ ስም የለውም። ከዶኮም ይምጣ ከኦቾሎ፣ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ተቀምጦ ከሸመነ ዶርዜ ነው። ይገባል፣ ሸማውን ያቀርባል፣ አማርኛውን ይሰብራል፣ ይሣቅበታል፣ ይወጣል። በእኛም መካከል አሳቡ ተከፍሏል። አንዳንዶች በስክሪኑ ላይ መኖራችን ራሱ ደግ ነው፣ ቀልድ ማንንም አይገድልም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ እንዲህ ከምንታይ ጭራሽ ባንታይ ይሻላል ይላሉ።

ቀልድ ነው የሚሉት ወገኖች የሣቁን ዕድሜ ይመልከቱ። ሸማኔን በሙያው መስደብ የቈየ ልማድ ስለ ነበረ ነው አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያው ስድብ ግን ልብሱን ለውጦ በሣቅ ውስጥ ይኖራል። የሚሣቅበትንም አማርኛ እናስተውል። ይህ ሰው በአፍ መፍቻው ላይ ሌላ ቋንቋ ጨምሮ፣ በሰው አገር በዚያ ቋንቋ ገበያ የሚውል ነው። የሚሥቁበት ብዙዎቹ ግን ከእርሱ ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቁም። ሁለት ቋንቋ የሚያውቀው መሣቂያ፣ አንድ የሚያውቀው ሣቂ የሚሆንበት ሒሳብ በየትኛው ትምህርት ቤት ይሆን የሚሰጠው?

ይጥፋ ለሚሉት ወገኖች ደግሞ ሁለተኛውን መመዘኛ አቀርባለሁ። ሸማኔው የሚያውቀው ምንድን ነው? እግሩን በጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ፣ ድሩን ወጥሮ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያሳለፈ፣ ንድፍ ሳያይ ክሩን በልቡ ቈጥሮ ጥለት ያወጣል። ሒሳብ የምትማሩ ይህ ቀላል ቈጠራ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። አሁን ዙሪያችንን ብንመለከት እንደ ዝሆን ራስ ሆኖ የቆመውን የቀርከሃ ቤት እናያለን። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው እየተቈረጠ ቤቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም፤ ሲያስፈልግም ተነሥቶ በሰው ትከሻ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። የሳይንስ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ስለዚህ መፍትሔው ዶርዜውን ከስክሪኑ ማውጣት አይደለም። ከነሙያውና ከነስሙ ማስገባት ነው።

ይህ ምኞት ብቻ እንዳልሆነ አንድ ነገር ይመሰክራል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ። ዜናው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቍጣ ወጣ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ፤ በቀሉም ቀረ። ያን ጊዜ የአገሩ ቴሌቪዥን ሁሉ እነርሱን አሳየ። እስቲ መመዘኛችንን እናቅርብ። እነዚያን ሽማግሌዎች ከታሪኩ ብናወጣቸው ምን ይጐድላል? ስንት ነፍስ ይጐድል ነበር ብሎ ማሰብ ይበቃል። እነርሱ የሚያውቁት ምን ነበር? በእጅ ያለ እርጥብ ሣር በቍጣ የተነሣን ሰው እንደሚያቆም። ድራማው ለዓመታት ያላየውን ሰው ዜናው በአንድ ቀን አየው።

ሁሉ ዋና ሊሆን አይችልም፣ አጃቢ የሌለው ታሪክ የለም የሚል ተቃውሞ ይቀርብ ይሆናል። እኔም ሁሉ ዋና ይሁን አላልሁም። ጥለት የሚሸመነው በሸማው ዳር ነው፤ ሆኖም ከዋናው ጋር በአንድ ድር ላይ ነው። ነጠላ የለበሰችው ሴት ለኀዘን ትሁን ለደስታ የምትሄድ የሚለየውም በጥለቱ አደራረግ ነው። ዳር መሆን ነውር አይደለም። ነውሩ ከድሩ ውጭ ተለጥፎ መቅረት ነው።

በመካከላችን ተውኔት የሚጽፉ፣ ቀልድ የሚያዘጋጁ፣ ነገም በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚሠሩ አሉ። ከእነርሱ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ብዕራችሁ አንድን ሰው ሸማ አስይዞ በበሩ ሲያስገባው፣ ከማስወጣታችሁ በፊት ስሙን ጠይቁት፤ ምን እንደሚያውቅም ጠይቁት። ከመለሰላችሁ በኋላ ታሪካችሁ እንደ ነበረ የሚቀጥል ከሆነ፣ ጥያቄውን በደንብ አልጠየቃችሁትም ማለት ነው።