የአፈር ጥናትና የአፈር ካርታ በሠፈራ ቦታ መረጣ

(ለመልሶ ማቋቋም ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



የአፈር ካርታ ጉዳይ የጥቂት ባለሙያዎች ብቻ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ድርቅ ያፈናቀለው ቤተሰብ በተሰጠው ቦታ አምርቶ ራሱን መቻል አለመቻሉን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በመሆኑ፣ ፈራሚውን ኃላፊም ሆነ እህል አዳዩን ሠራተኛ እኩል ይመለከታል።

እንደሚታወቀው በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ በአብዛኛው ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ፣ ወደ ምዕራቡና ወደ ደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ተወስዷል። ብዙዎቹ በፈቃዳቸው አልሄዱም። ሥራው በጥድፊያ የተካሄደ ስለነበረ አያሌ የሠፈራ ጣቢያዎች በአጭር ጉብኝት፣ አንዳንዶቹም ከሄሊኮፕተር በመታየት ብቻ ተመርጠዋል።

ይህ የሆነው ካርታ ጠፍቶ አይደለም። በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ረዳትነት የተዘጋጀው የአገሪቱ አፈር ካርታ፣ በ1፡1,000,000 እስኬል፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ወጥቷል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ዛሬም ይጠቅማል። ሆኖም በዚህ እስኬል አንድ ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ 10 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አንዲት ካሬ ሳንቲ ሜትር 10,000 ሄክታር ትሸፍናለች። በ1፡50,000 ካርታ ላይ ግን ያችው ካሬ ሳንቲ ሜትር 25 ሄክታር ብቻ ናት። የመጀመሪያው ካርታ የትኛው አውራጃ ሊጠና እንደሚገባው ይነግረናል እንጂ መንደር የሚቆምበትን ቦታ አይነግረንም። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የአፈር ለምነት መረጃ ሥራም ቢሆን በዋነኛነት ለማዳበሪያ ምርጫ የታሰበና የላይኛውን ንጣፍ የሚመለከት ነው።

በአንድ ቀለም የተቀባ ቦታ አንድ ዓይነት አፈር አለው ማለት አይደለም። በመተከል፣ በፓዌ አካባቢ፣ ጥቁሩ ዋልካና ቀዩ አፈር ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ በሁለቱ ላይ የሚኖረው ኑሮ ግን እጅግ የተለያየ ነው። ቀዩ አፈር ጥልቅና ውሃ የሚያሳልፍ ቢሆንም፣ ዝናም በበዛበት አገር ኮምጣጣነት ያጠቃዋል፤ ኖራ ካልተጨመረበት ማዳበሪያው በከንቱ ይቀራል። ዋልካው በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት አብጦ ውሃውን ይቋጥራል፤ የሰብሉ ሥርም በውሃ ታፍኖ ይቀራል። ጉዳቱ በእርሻ ብቻ አያበቃም። በዋልካ ላይ የቆመ ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱም ይደረመሳል፤ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ እህል የጫነው መኪና መንደሩ ሳይደርስ በጭቃ ይያዛል።

ይሁን እንጂ ዋልካ መጥፎ አፈር ነው ማለቴ አይደለም። በሰሜን ሸዋ፣ በእነዋሪ፣ ገበሬው ከቤተሰቡ ጋር በእጁ ሰፊ መደብ እያበጀ ውሃውን በቦይ በማውጣት ከዋልካው ጥሩ ምርት ያገኛል። ደጋ ላይ ዋልካን የሚያርሰው በሬ ግን ቆላ ሲወርድ በገንዲ ይሞታል። ይህንንም የትኛውም የአፈር ካርታ አያሳየንም።

ስለሆነም ካርታው መቆፈሪያውን ቦታ ያመለክተናል፤ መቆፈሩ የእኛ ፈንታ ነው። ከኮረብታው አናት እስከ ወንዙ ዳር በእግር እየወረዱ፣ አፈሩ በተለወጠ ቁጥር እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ ጉድጓድ መክፈት ያስፈልጋል። ከግድግዳው ላይ ግራጫና የዝገት ቀለም ያለው ነቁጥ ከታየ፣ ቦታው ከዓመቱ በከፊል ውሃ ይተኛበታል። ሥሩ የት ላይ እንደቆመ ይታይ። እርጥቡ አፈር በጣት ተድቦልቡሎ ሳይሰበር እንደ ቀለበት ከታጠፈ ሸክላነቱ ከፍተኛ ነው። ለዚህ ሁሉ ዶማ፣ አካፋና ጥቂት ቀናት ይበቃሉ። ጉብኝቱ በጥርና በየካቲት ብቻ መሆኑ ግን ያሳስተናል፤ በዚያን ጊዜ መንገዱም ማሳውም ደረቅ ነውና። ነሐሴ ላይ ያልታየ ሜዳ ታይቷል አይባልም።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ነዋሪውን አለመጠየቅ ነበር። የጉሙዝ ገበሬ ማሳውን ለጥቂት ዓመታት አርሶ አፈሩ ኃይሉን እስኪመልስ ድረስ ይተወዋል። ይህ ያደረ መሬት ከአየር ላይ ሲታይ ባለቤት የሌለው ጠፍ መሬት ይመስላል። ለሠፋሪው ሲታደል የጉሙዝ ገበሬ የሚመለስበትን ማሳ አጣ፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል በተነሣውም ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ሁለቱም ተጎጂዎች ነበሩ። የትኛው መሬት እንደሚተኛ፣ የትኛው በክረምት እንደሚዋጥ፣ የትኛው ተራው መቼ እንደሚደርስ ከነዋሪው ሽማግሌ የበለጠ የሚያውቅ ባለሙያ አላየሁም፤ እኔንም ጨምሮ።

ዛሬም ለተፈናቀለ ወገን ቦታ ሲፈለግ የመረጣ ሰነድ ወደ ጠረጴዛችሁ ይመጣል። የጉድጓዶቹ ቦታ በ1፡50,000 ካርታ ላይ ያልተመለከተበት፣ የተቆፈሩበት ወር ያልተጻፈበት፣ የተጠየቁት ነዋሪዎች ቃል ያልተያያዘበት ከሆነ፣ ሳትፈርሙ ወደ መጣበት እንድትመልሱት እጠይቃለሁ።