ስለ እባብ ንድፊያና ስለ ግቢያችን ጥንቃቄ
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴያችን በዛሬው ዕለት እንዲናገር የተጠየቀው ስለ እባብ ነው። እንደሚታወቀው እኛ የአርባ ምንጭ ሰዎች ሙዙንም ማንጎውንም በግቢያችን ተክለን ከጫካው ጋር ጎረቤት ሆነን የምንኖር ነን። ዝናቡ ሲጀምር ሣሩ ያድጋል፣ እንቁራሪቱ ይበዛል፣ አይጡም ወደ እህሉ ይጠጋል። እባቡ እነዚህን ተከትሎ ይመጣል እንጂ ሰው ፍለጋ ቤት አይገባም።

በሀገራችን ካሉት እባቦች አብዛኞቹ ሰውን አይጎዱም። ክፉዎቹን ግን ማወቅ ይበጃል። ከሁሉ በላይ የምንፈራው እፉኝትን ነው። አጭርና ወፍራም ናት፤ ቀለሟ ከደረቅ ቅጠል አይለይም። ሌላው እባብ የሰው ኮቴ ሲሰማ ይሸሻል፤ እሷ ግን ባለችበት ተጋድማ ትቆያለች። ስለዚህ ነው ማታ ወደ ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው የሚረግጣት። ከነደፈች ቦታው ወዲያው ያብጣል፣ ያቃጥላል፣ ሥጋው እስከ መበስበስ ይደርሳል። ማምባና አንዳንዱ ኮብራ ደግሞ ነርቭን ነው የሚይዙት፤ የዓይን ቆብ ይከብዳል፣ አንደበት ይተሳሰራል፣ በመጨረሻም ትንፋሽ ያጥራል። እብጠት የለም ተብሎ መዘናጋት አይገባም ማለት ነው። መርዙን ዓይን ላይ የሚተፋ ኮብራም በደቡብ ቆላ አለ። የተተፋበት ሰው ዓይኑን ሳያሽ፣ ቢያንስ ሩብ ሰዓት በብዙ ንጹሕ ውኃ እያጠበ ወደ ሐኪም ይሂድ።

አሁን ወደ ግቢያችን እንምጣ። የማገዶ ክምር፣ የተረፈ ጡብና ቆርቆሮ፣ የወደቀ የሙዝ ቅጠል፣ ሁሉም የእባብ ቤት ነው። ማገዶው ከግድግዳ ርቆ፣ ከመሬትም ከፍ ብሎ በቆጥ ላይ ይደርደር። እንጨት ስናነሳ መጀመሪያ በዱላ እንቀስቅሰው፤ እጅ አይቅደም። እህል በሚዘጋ ዕቃ ይቀመጥ፤ የደፉ ሥር ክፍተትም ይደፈን። ማታ ያለ ባትሪና ያለ ሽፍን ጫማ መውጣት ይቅር። ለወባ ብለን የምንዘረጋው አጎበር ጫፉ ከፍራሹ ሥር ከተጠቀጠቀ ለእባብም መከላከያ ነው። በተለይ መሬት ላይ የሚተኛ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይህ አይዘንጋ።

ነጭ ሽንኩርት መበተን፣ ጎማ ማቃጠል፣ ነጭ ጋዝ መርጨት ብዙዎቻችን የምናደርገው ነው። ግቢው ካልጸዳ ሽታ ብቻውን እባብ ያባርራል ብለን አናምንም። ጎማው እንዲያውም ለልጆቹ ሳል ነው የሚተርፈው!

እባብ ሲታይስ? ጩኸቱ ይቀልጥና ጎረምሳው ሁሉ ድንጋይና ዱላ ይዞ ይከባል። ለእኛ ይህ ጀግንነት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚነደፈው ሊገድል ሲጠጋ ነውና። ልጆችን ማራቅ፣ ከሩቅ ሆኖ ወዴት እንደሚሄድ ማየት፣ መውጫውንም መተው ይሻላል። የሞተ የመሰለ እባብም በእጅ አይነካ፤ የተቆረጠ ጭንቅላት እንኳ ይነክሳል።

አሁን ዋናውን እንናገር። ሰው ከተነደፈ በኋላ የሚጎዳው መርዙ ብቻ አይደለም፤ እኛም እንጎዳዋለን። በገመድ ጥርቅም አድርጎ ማሰር እግርን ያሳጣል። መብጣት ደም ያፈሳል፤ በአፍ መምጠጥም መርዙን አያወጣም። አረቄ ማጠጣት፣ አስፕሪን መስጠት ይቅር። ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓትና ጫማ እብጠቱ ሳይቀድም ይውለቅ። የተነደፈው እጅ ወይም እግር በቀጥ ያለ እንጨትና በነጠላ ላላ ተደርጎ ይደገፍ። ሰውየው አይራመድ፤ ይታቀፍ። ካስመለሰው በጎኑ ይተኛ። እባቡን ይዞ መሄድ አያስፈልግም፤ በስልክ ከሩቅ ፎቶ ማንሳት ከተቻለ በቂ ነው።

«ኧረ እገሌን እኮ መድኃኒት አዋቂው ነው ያዳነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የዳነ አለ። ነገር ግን መርዘኛ እባብም ነድፎ መርዝ ሳያስገባ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ መርዝ የሌለው እባብ የነከሰውም ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቅጠል ቢታሰርለትም ባይታሰርለትም ይድናል። መርዙ የገባበት ግን ቅጠሉ ሲወቀጥ ሰዓቱ ያልፍበታል። አዋቂዎቻችንን እናከብራለን፤ የምንለምናቸው አንድ ነገር ነው፤ የተነደፈ ሰው ሲመጣባቸው አንድ ደቂቃ ሳያቆዩ ወደ ሆስፒታል ይላኩልን።

የመርዙ ትክክለኛ መድኃኒት ማርከሻው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ ሆኖ በደም ሥር ይሰጣል፤ ሰውነት ሊቆጣ ስለሚችል ሐኪም ባለበት ብቻ ነው። ለእስያ እባቦች የተሠራው ለእኛ እባቦች አይሆንም። ዋጋው ውድ ነው፤ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ተራ መድቦታል፤ በዓለም ላይ በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው እንደሚሞትበትም ይገምታል። የሚሞተው በአብዛኛው እንደኛ ገበሬና የገበሬ ልጅ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ሁለት ነገር ያቀርባል። አንደኛ፣ ማርከሻው የት እንደሚገኝ ሰው ሳይነደፍ በፊት እንወቅ፤ ሁለት አባሎቻችን በየወሩ መጀመሪያ ሆስፒታል ሄደው ጠይቀው ይህ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋሉ። ሁለተኛ፣ የማታ ተረኛ ባጃጅ እንመድብ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የማንን በር እንደምናንኳኳ ካላወቅን ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። የነዳጁ ወጪ ከማኅበሩ ሣጥን እንዲሸፈን ሐሳብ ቀርቧል፤ ድምፅ የሚሰጠው እናንተ ናችሁ። ባጃጅ ያላችሁ ወንድሞች እስከ እሑድ ድረስ ስማችሁንና የሚመቻችሁን ሌሊት ከሰሌዳው ሥር በተንጠለጠለው ደብተር ላይ ጻፉልን።