ቀበቶው በዛ፣ ተመልካቹ ሳሳ

እሷ፦ እስቲ አንድ የ18 ዓመት ልጅ አስቁመህ፣ «በቦክስ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ ማነው?» በለው።

እሱ፦ ልጁ ምን ያድርግ? አራት ድርጅት፣ አራት ቀበቶ፣ 17 የክብደት ምድብ! በከባድ ሚዛን አራቱንም አንድ ሰው ሲሰበስብ ያየነው ገና እ.ኤ.አ. በ2024 ኡሲክ ፊዩሪን ሪያድ ላይ ሲያሸንፍ ነው።

እሷ፦ እኔ ግን ጣቴን የምቀስረው ዋጋው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የሜይዌዘርንና የፓኪያዎን ፍልሚያ ቤት ሆኖ ለማየት አሜሪካ ውስጥ 100 ዶላር ገደማ ይጠየቅ ነበር። ተማሪ ከየት ያመጣል?

እሱ፦ ያውም አንዱ 38፣ ሌላው 36 ዓመት ሞልቷቸው! ሕዝቡ ለዓመታት ሲለምን ከርሞ።

እሷ፦ ለዚህ ነው ኔትፍሊክስ የጄክ ፖልንና የታይሰንን ፍልሚያ ለደንበኞቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማሳየቱን የወደድኩት።

እሱ፦ እሱን ደግሞ ቦክስ ትይዋለሽ? የ58 ዓመት ሰው ጓንቱን እየነከሰ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ ስምንት ዙር!

እሷ፦ በዚያው ምሽት ከእነሱ በፊት የነበረውን የሴቶች ግጥሚያ ረሳኸው እንዴ? ሴራኖ ከዓይኗ በላይ ተሰንጥቃ፣ ደሙ ፊቷ ላይ እየወረደ፣ ኬቲ ቴይለርን አስር ዙር ሙሉ ስታሳድዳት! ለታይሰን ብሎ የተቀመጠ ልጅ ሳያስበው እውነተኛ ቦክስ አገኘ።

እሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ዳኝነቱ ለቴይለር መሰጠቱ እስካሁን ቢያከራክርም። ግን ልጁ የሚቆየው ጎበዞቹ ሳይሸሻሹ ሲገናኙ ነው። ክሮፎርድን አየሽው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ክብደት ጨምሮ ወጥቶ ካኔሎን አሸነፈ።

እሷ፦ እሱም 37 ዓመቱ ነበር! የ25 ዓመቶቹን መቼ ነው የምታገናኟቸው?

እሱ፦ ፕሮሞተሮቹን ጠይቂያቸው እንጂ፣ እኔ ምን አገባኝ!