አስቴር ያልሆኑት ልዕልቶች



መጽሐፈ አስቴርን በልጅነታችን ያነበብን ሁሉ፥ አንዲት የአይሁድ ልጅ ቤተ መንግሥት በመግባትዋ ሕዝብዋ ከጥፋት እንደ ዳነ እናስታውሳለን። ይህ ነገር በቅርቡ ዘመን አውሮፓ ተደግሟልን? ዛሬ የምንመረምረው ይህንኑ ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1889 የሞናኮው ልዑል ቀዳማዊ አልበርት አሊስ ሃይኔን አገቡ። ልዕልት አሊስ የተወለዱት በአሜሪካ አገር በኒው ኦርሊንስ ከተማ ሲሆን፥ አባታቸው ከአይሁድ ወገን የሆኑ ባለ ባንክ ነበሩ። እርሳቸው ግን ልዑሉን ሲያገቡ ካቶሊክ ነበሩ። ድሬይፉስ የተባለው አይሁዳዊ የፈረንሳይ መኮንን በ1894 በሐሰት ተከሶ በተፈረደበት ነገር፥ ልዑል አልበርት ንጹሕነቱን አምነው ደግፈውታል። ሆኖም መኮንኑ ከክሱ ነጻ የወጣው በልዑል ቸርነት አይደለም፤ በ1906 በተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው።

የሩማንያው ታሪክ ከዚህ ይልቅ ያሳዝናል። የንጉሥ ዳግማዊ ካሮል ወዳጅ የነበሩት የወይዘሮ ኤሌና ሉፔስኩ አባት፥ አይሁዳዊ ተወልደው ክርስትና የተነሡ ሰው ነበሩ። የአይሁድ ጠላቶች እኒህን ሴት እየጠቆሙ፥ «ቤተ መንግሥቱ በአይሁድ እጅ ወደቀ» እያሉ ሕዝቡን ይቀሰቅሱ ነበር። ነገር ግን በ1938 የአይሁድ ዜግነት እንደገና እንዲመረመር የሚያዘውን ሕግ የፈረሙት እኒሁ ንጉሥ ናቸው። በዚህም ሕግ ከ200,000 የሚበልጡ ሰዎች ዜግነታቸውን አጡ። ንጉሡ በ1940 ዙፋናቸውን ለቀቁ፤ ወይዘሮ ኤሌናን ያገቡት በ1947፥ በስደት ብራዚል ሳሉ ነው።

እንግዲህ ሴቶቹን ለመውቀስ አልተነሣንም። በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ የሕዝብን ዕዳ መጫን ፍርድ አይደለም። የምንለው ይህ ነው፦ ለአንዲት ሙሽራ የተከፈተ በር ለወገንዋ ሁሉ ተከፈተ ማለት አይደለም። እንዲያውም ጥቅሙ የእርስዋ ብቻ ሆኖ ሳለ፥ ጥላቻው ለሁሉ ይተርፋል።

ከመካከላችን አንዱ ከፍ ብሎ ሲሾም ሁላችንም የተሾምን የሚመስለን ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ሕጉ ለሌሎቹስ ምን ይላል ብለን እንጠይቅ። ሠርግ በሦስት ቀን ያልፋል፤ ሰውን ከትውልድ እስከ ትውልድ የሚጠብቀው እኩል የሆነ ሕግ ነው።