በሽታን ደብቆ መዳን የለም
(በሰፈራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ ወረርሽኝ መከላከልና ስለ ሰፈር ጥበቃ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው እንድናገር ያዘዘኝ ስለ ሁለት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ስለ ወረርሽኝ መከላከልና ስለ ሰፈር ጥበቃ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣሁበት ምክንያት አለኝ። ሁለቱም የሚሠሩት ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያውቅና ሲያምን ብቻ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ኮሮና እኮ አለፈ፤ አሁን ምን ያነሣዋል?» ትሉ ይሆናል። እርግጥ የዓለም የጤና ድርጅት አስቸኳይ አደጋነቱ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። ነገር ግን ወረርሽኝ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ስንቱን ቤት እንደዘጋ ከአያቶቻችን ሰምተናል። በኅዳር 12 ቆሻሻ ተጠርጎ የሚታጠነውም ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የወባ ወረርሽኝ በደምቢያ ሜዳ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ ነበር። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን ያሠለጠነው በሽታ ሆስፒታል ሳይደርስ በየመንደሩ እንዲገታ ነው። እንግዲህ ዛሬ የምንነጋገረው አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ 2012 ዓ.ም. ልመለስ። በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ከውጭ የሚገባ ሁሉ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ታዘዘ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብና እጅ መጨባበጥ ተከለከለ፤ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ያህል መራራቅ ግዴታ ሆነ። ለኛ ከሁሉ የከበደው ለቅሶው ነበር። ሰው ሞቶ እድርተኛ ሳይሰበሰብ መቅበር ለጎንደር ሰው ቀላል ነገር ነው እንዴ? ከዓመት በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ክትባቱ ተጀመረ። እስኪያበቃ ድረስ በአገራችን በምርመራ ብቻ ከ7,500 በላይ ሰው መሞቱ ተመዝግቧል፤ ሳይመረመር የሞተውን ግን ቤቱ ያውቀዋል።

ከዚያ ጊዜ ሁለት ነገር ልንይዝ ይገባናል።

አንደኛው የመተማ መንገድ ነገር ነው። ለሥራ ሱዳን የወረደው ልጃችን የሚመለሰው በዚያ ነው፤ ከባድ መኪናውም የሚያልፈው በዚያው ነው። በዚያን ጊዜ በየቦታው «ከመተማ የመጣ» የሚለው ቃል ስድብ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። የተሰደበ ሰው ምን ያደርጋል? ይደበቃል። ትኩሳቱን ብርድ ነው ይላል፤ ማታ ገብቶ ጧት ይወጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የሚያስደብቀው ግን ብዙ ጊዜ የጎረቤት ዓይን ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል ብዙ ሰው ገብቷል። በዚያው ዓመት ክረምት በቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ፀበል ቦታ ኮሌራ ተነሥቷል። መንገዱ ክፍት ነው፤ ሰው መንቀሳቀሱን አይተውም፤ ይተው ማለትም አይቻልም።

ሁለተኛው ውሃ ነው። «እጃችሁን ታጠቡ» ማለት ቀላል ነው፤ በምን? ከተማችን የሚጠጣበት የአንገረብ ግድብ ደለል እየገባበት የሚይዘው ውሃ ቀንሷል። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ አንዲት እናት ለወጥ ታውለው ወይስ ለእጅ? ኮሌራ ደግሞ የሚገባው በዚችው ቀዳዳ ነው። በየደጁ ተሰቅሎ የነበረው የእጅ መታጠቢያ ባልዲ ዛሬ የት ነው? አብዛኛው የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኗል።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ለውሳኔ አቅርቧል፤

1ኛ. ከእድሩ ገንዘብ ላይ ተነሥቶ አንድ የውሃ ሮቶ ይገዛ፤ ለቅሶ ቤት በሚሆን ጊዜ ከድንኳኑ ጋር ይሂድ።

2ኛ. ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ያለበት ሰው ለቅሶ ቢቀር ቅጣት አይቆጠርበት። ይህ እስካልተወሰነ ድረስ በሽተኛው ቅጣቱን ፈርቶ ይመጣል።

3ኛ. በአንድ ቤት ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ አጣዳፊ ተቅማጥ ቢይዛቸው በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያ ይነገር። እስኪደርሱ ድረስም በሽተኛው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ተበጥብጦለት ይጠጣ።

4ኛ. የማታ ሮንድ ተራ የደረሰው ሰው እንግዳ ሲያይ አስቀድሞ ሰላምታ ይስጥ፣ ከየት መጣህ ከማለቱም በፊት አሞህ እንደሆን ንገረኝ ይበል። ሮንድ የወጣነው ሌባን ለመጠበቅ ነው፤ የታመመን ሰው ለማባረር አይደለም።

ገንዘቡ የሁላችን ስለሆነ ክርክር ይኖራል፤ ይኑርም። ሮቶው ውድ ነው የሚል ካለ ተነሥቶ ይናገር። እኔ በበኩሌ የማምነው ይህን ነው፤ ወረርሽኝ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚደርስልን ግድግዳ የሚጋራን ጎረቤት ነው፤ እሱ በሩን እንዲያንኳኳ የምናደርገው ደግሞ ዛሬ፣ በደህናው ቀን ነው።

አሁን ወደ ድምፅ እንለፍ።